የዋሽንግተን ስቴት የደን እሳት መከላከያ በጀት በግማሽ ተቆረጠ፤ እኛስ ምን እንላለን?

ዘሬንተን
ሰላም ለሁላችሁ። ሲያትል አካባቢ ያለን ሰዎች ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ መኪና ኢንሹራንስ፣ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ብዙ እናወራለን። ይሄን ጉዳይ ግን በአማርኛ ያነሳው ሰው አላየሁም። እኔ ልጀምረው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

በ2021 የስቴቱ ምክር ቤት 1168 የሚባለውን ሕግ አወጣ። ዴሞክራቱም ሪፐብሊካኑም ደግፎት ያለፈ ሕግ ነው። በየሁለት ዓመቱ 125 ሚሊዮን ዶላር ለደን እሳት ዝግጅት እንዲመደብ፣ በ8 ዓመት 500 ሚሊዮን እንዲሞላ ነበር ሐሳቡ። ገንዘቡ እሳት አጥፊዎችንና አውሮፕላኖችን አስቀድሞ ለማዘጋጀት፣ የታመመና የታፈነ ደንን ለማሳሳት፣ ጫካ ዳር ያሉ ሰፈሮችን ለማገዝ ይውላል። በ2025 የጸደቀውና ጁላይ 1 ሥራ ላይ የዋለው በጀት ይሄን ወደ 60 ሚሊዮን አወረደው። ከግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው።

ምክንያቱ ይታወቃል። ስቴቱ በአራት ዓመት ሲሰላ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጉድለት ገጥሞታል። አገረ ገዢው ቦብ ፈርጉሰንም፣ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱን፣ ዲኤንአር የምንለውን ማለት ነው፣ የሚመሩት ዴቭ አፕተግሮቭም ሥልጣን የያዙት በዚያው በ2025 ጃንዋሪ ነው። ሁለቱም ዴሞክራት ናቸው። ስለዚህ እባካችሁ ነገሩን የፓርቲ ጠብ አናድርገው።

መቀሱ የት እንደሚያርፍ ግን ተመልከቱ። የትምህርት ገንዘብ በስቴቱ ሕገ መንግሥት የተጠበቀ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ማክሊሪ በሚባለው ክስ ምክር ቤቱን ግዴታህን አልተወጣህም ብሎታል። ሜዲኬይድ፣ ማለትም ስቴቱና ፌዴራሉ በጋራ የሚከፍሉት የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የጤና መድን፣ እሱ ላይ አንድ ዶላር ከቀነስክ ከፌዴራል የሚመጣውም አብሮ ይቀራል። ዕዳ ደግሞ የግድ ይከፈላል። የሚቀረው ጠበቃ የሌለው ክፍል ነው። ደን፣ ውኃ፣ አሣ፣ ፓርክ። ከጠቅላላው በጀት እነዚህ የሚወስዱት በጣም ትንሽ ነው፤ ግን ቆራጭ ሲመጣ ሁልጊዜ ከፊት የሚገኙት እነሱ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። እሳት ከተነሳ በኋላ ማጥፊያ ገንዘብ ጠፍቶ አያውቅም። ከመጠባበቂያው ሂሳብ ይወጣል፣ ወይም በተጨማሪ በጀት ይሸፈናል። ስለዚህ መከላከያውን ስትቆርጥ ወረቀቱ ላይ 65 ሚሊዮን አተረፍክ። እሳቱ ሲመጣ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ በሌላ መዝገብ፣ በሌላ ዓመት ነው የሚጻፈው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ የሚያሳይህ ሰው የለም። በ2015 እሳት ለማጥፋት ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። ያን ዓመት በስቴቱ ከ1 ሚሊዮን ኤከር በላይ ነደደ። ትዊስፕ አጠገብ ሦስት እሳት አጥፊዎች ሞቱ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የካርልተን እሳት ብቻውን ወደ 256 ሺህ ኤከር ጨርሶ ነበር። በ2020 ሌበር ዴይ ዕለት ማልደን የምትባል ትንሽ ከተማ ከቤቶቿ 80 በመቶ ያህሉ በአንድ ቀን አመድ ሆነ።

እኔ የምኖረው ከተማ ነው፣ ጫካው ሩቅ ነው የሚል ካለ ኦክቶበር 2022ን ያስታውስ። በዚያ ወር የሲያትል አየር ከዓለም ትልልቅ ከተሞች ሁሉ የከፋ ሆኖ የተመዘገበባቸው ቀናት ነበሩ። እኔ ኤርፖርት ሜዳ ላይ ነው የምሠራው። ያኔ አሠሪያችን ማስክ እንኳን አልሰጠንም። ከሥራ ባልደረቦቼ ግማሹ የእኛው አገር ልጆች ናቸው። ጭሱን ውጠን ነው የሠራነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የስፖካኗ
ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። እኛ እዚህ ምሥራቁ በኩል ያለነው ስለዚህ ነገር ስናወራ የሚሰማን የለም።

ኦገስት 18 ቀን 2023 ሜዲካል ሌክ በኩል የግሬይ እሳት ተነሳ። በዚያው ቀን በሰሜን ኤልክ አካባቢ የኦሪገን ሮድ እሳት ተነሳ። ሁለቱ ተደምረው ከ350 በላይ ቤት በልተዋል። በእያንዳንዱ እሳት አንድ ሰው ሞቷል። አይ-90 አውራ ጎዳና ተዘግቶ ነበር። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች እኛ ቤት አርፈው ነበር። ልጆቹ ልብስ እንኳን ይዘው አልወጡም።

ከዚያ በኋላ ዲኤንአር ቤት ድረስ መጥቶ የሚመክርበት ፕሮግራም እንዳለ ሰማሁ። ዋይልድፋየር ሬዲ ኔበርስ ይባላል፤ በ2021 ነው የተጀመረው። በነፃ ነው። ባለሙያዋ መጥታ ግቢያችንን ዞራ አየች። ከግድግዳው አምስት ጫማ ድረስ የሚነድ ነገር እንዳይኖር፣ የጣሪያው አሸንዳ ውስጥ ደረቅ ቅጠል እንዳይከማች፣ የማገዶ ክምሩን ከቤት 30 ጫማ እንድናርቅ ነገረችን። ቤት የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ነበልባል ሳይሆን በንፋስ ተወስዶ አሸንዳና በረንዳ ላይ የሚወድቀው ፍም ነው አለችን። ይሄን ማንም ነግሮን አያውቅም ነበር።

እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው እንግዲህ ከዚያ ከ1168 ገንዘብ የሚደገፈው። አውሮፕላን አይደለም፣ በቴሌቪዥን አይታይም። አንዲት ሴት መኪና ነድታ ሰው ቤት ትሄዳለች፣ በቃ። ሲቆረጥም ማንም አያውቅም።

ታዛቢ_77
ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ። ግን በጀት ተቆረጠብኝ ብሎ የሚጮህ መሥሪያ ቤት ሁሉ እውነቱን ነው ማለት አይደለም።

ያኔ እኔ ካሊፎርኒያ ነበርኩ። በ2011 የስቴቱ ፓርኮች መሥሪያ ቤት 22 ሚሊዮን ዶላር ስለተቀነሰብኝ 70 ፓርክ እዘጋለሁ አለ። ሕዝቡ ደነገጠ። ማኅበራት ገንዘብ አሰባሰቡ፣ ከተሞች አንዳንዱን ፓርክ እኛ እንያዘው አሉ። በጁላይ 2012 ግን ምን ተገኘ? በሁለት ፈንድ ውስጥ ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር ሳይነገር ተቀምጦ ተገኘ። ዳይሬክተሯ ሩት ኮልማን ሥራቸውን ለቀቁ። ከኪሳቸው አውጥተው ያዋጡ ሰዎችን አስቡ።

ስለዚህ እኔ በመጀመሪያ ሂሳቡን አሳዩኝ ነው የምለው። ደግሞም ጉድለቱ እውነተኛ ነው። ከየት ይቆረጥ ታዲያ? ከልጆች ትምህርት ነው? ከአረጋውያን ሕክምና ነው? እናቴ ቤት ድረስ የምትመጣላት ተንከባካቢ በሜዲኬይድ ነው የምትከፈለው። ከሷ ይቆረጥ አልልም።

ዘሬንተን
ታዛቢ፣ የካሊፎርኒያው አሳፋሪ ነበር፣ አልከራከርህም። ሂሳቡን አሳዩን ማለትህም ተገቢ ነው። የ1168 ገንዘብ ግን ለብቻው በተከፈተ ሂሳብ ነው የሚቀመጠው። መሥሪያ ቤቱ በምን ላይ እንዳዋለው ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል፤ ሪፖርቱም ኢንተርኔት ላይ አለ። ማየት ትችላለህ።

ስለ እናትህ ያልከው ግን ልቤን ነክቶታል። ከሷ ይቆረጥ የሚል ሰው እዚህ የለም። እኔ የምለው፣ ይሄ ቁጠባ አይደለም ነው። ለሚመጣው በጋ የተላለፈ ዕዳ ነው። ጭሱ ሲመጣ ደግሞ ከማንም በፊት የሚጎዱት እንደ እናትህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሳንባና ልብ የሚያማቸው አረጋውያን ድንገተኛ ክፍል ይገባሉ። ያንንም የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው።

አዲስ_ገቢ
ሰላም፣ እኔ ከመጣሁ ገና ነው። ፓርክ ስንሄድ መኪናው ላይ የምናደርገው ፓስ አለ አይደል? ባለፈው 30 ዶላር ነበር፣ አሁን 45 አሉኝ። እሱ አይበቃቸውም?

ዘሬንተን
እንኳን ደህና መጣህ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ያ ፓስ ራሱ የበጀት ቆረጣ ልጅ ነው።

ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ስቴቱ ለፓርኮች ከጠቅላላ ፈንዱ የሚሰጠውን ገንዘብ በጣም ቀነሰ። ፓርኮቹ ራሳቸውን ይቻሉ ተባለ። ከዚያ በጁላይ 1 ቀን 2011 ዲስከቨር ፓስ መጣ። ለዓመት 30 ዶላር፣ ለአንድ ቀን 10 ዶላር፤ ከሌለህ 99 ዶላር ቅጣት። መጀመሪያ ላይ የታሰበውን ያህል ገቢ አላመጣም። ሰዉ ለምዶት የነበረው በነፃ መግባት ነው፤ ብዙዎቹ መሄዱን ተዉት። የፓርኮቹ መሥሪያ ቤትም ሬንጀሮችን፣ የፓርክ ጠባቂዎቹን ማለት ነው፣ ቀነሰ፣ ብዙ ቋሚ ሥራ ወደ ወቅታዊ ሥራ ተለወጠ። እስካሁን ከዚያ ሙሉ በሙሉ አላገገመም ባይ ነኝ። ዓመታዊው ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ 45 ዶላር ሆኗል።

ገንዘቡ ደግሞ አብዛኛው፣ 84 በመቶው፣ ለፓርኮች ነው የሚሄደው። ዲኤንአር የሚያገኘው 8 በመቶ ነው፣ የአሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱም 8 በመቶ። ስለዚህ እሳት ለመከላከል አይበቃም፣ ለዚያም አልታሰበም።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ፓሱን እንደ መጽሐፍ ያውሳሉ። የላይብረሪ ካርድ ካለህ ጠይቅ።

አዲስ_ገቢ
ይሄን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።

አውሮራ
እኛ ኮሎራዶ ውስጥ ሌላ መንገድ ሞክረዋል። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የመኪና ታርጋ ስታሳድስ 29 ዶላር የፓርክ ፓስ አብሮ ይመጣል። ካልፈለግክ አልፈልግም ብለህ ትተዋለህ። ፓሱ በፊት ለብቻው ሲገዛ ከ80 ዶላር አያንስም ነበር። አሁን ብዙ ሰው ስለሚከፍል ዋጋው ወረደ። ከገንዘቡ የተወሰነው ለፍለጋና ነፍስ አድን ቡድኖችም ይሰጣል። የታክሲ ሹፌር ጓደኞቼ መጀመሪያ ሳያስተውሉ ከፍለው ተናደው ነበር። አሁን ግን ቤተሰብ ይዘው ይሄዳሉ።

ሚኒሶታዊ
የሁላችሁንም አነበብኩ። ሁለቱንም መከራ እኛ አይተነዋል፤ ቆረጣውንም፣ መፍትሔውንም።

በጁላይ 2011 የእኛ ስቴት መንግሥት በጀት ላይ ባለመስማማት 20 ቀን ተዘጋ። የስቴት ፓርኮቹ ሁሉ በበጋው እምብርት፣ በጁላይ 4 በዓል፣ ተዘጉ። አሣ የማጥመጃ ፈቃድ የሚሸጥ እንኳን አልነበረም። ሚኒሶታ ውስጥ ያለ ጁላይና ያለ አሣ ምን እንደሚቀር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚያ በፊት ግን፣ ኖቬምበር 4 ቀን 2008፣ ኦባማ በተመረጠበት ቀን፣ ሕዝቡ ሌላም ነገር መርጦ ነበር። የስቴቱን ሕገ መንግሥት አሻሽሎ በሽያጭ ታክስ ላይ ከአንድ ፐርሰንት ስምንት እጅ ሦስቱን ጨመረ። ከመቶ ዶላር 37 ሳንቲም ተኩል ማለት ነው። እስከ 2034 ይቆያል። ሲሶው ለንጹሕ ውኃ፣ ሲሶው ለዱር እንስሳትና ለአሣ መኖሪያ፣ 14 በመቶ ያህሉ ለፓርኮችና ለእግር መንገዶች፣ የቀረው ለጥበብና ለባህል ይሄዳል። አስቡት፣ ያ ዓመት ኢኮኖሚው የወደቀበት ዓመት ነው። ሰው ሥራ እያጣ ነው ታክስ ጨምሩብኝ ብሎ ድምፅ የሰጠው።

ታዛቢ_77 የምታነሳው ጥያቄ እዚያም ተነስቶ ነበር። ለዚህ ነው ማሻሻያው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡት። ይሄ ገንዘብ በፊት ይሰጥ በነበረው ላይ ይጨመራል እንጂ አይተካውም ይላል። በየጊዜው ግን ክርክር አለ። ምክር ቤቱ ጠቅላላ ፈንዱ ሲጎድልበት እጁን ወደዚያ መስደድ ይሞክራል። ሕጉ ባይኖር ኖሮ ገና ዱሮ አልቆ ነበር።

ታዛቢ_77
ይሄኛው አሳምኖኛል። ሕዝቡ ራሱ መርጦ፣ ለምን እንደሚውል ተጽፎ፣ ማብቂያ ቀን ተቀምጦለት ከሆነ እኔም እከፍላለሁ። እዚህ ዋሽንግተን ለምን አይሆንም?

ዘሬንተን
እዚህ የደመወዝ ገቢ ታክስ የለም፤ ስቴቱ የሚኖረው በአብዛኛው በሽያጭ ታክስ ነው። የሽያጭ ታክሱ ደግሞ ገና ድሮ ጣሪያ ነክቷል፤ ሲያትል ውስጥ ከመቶ 10 ዶላር በላይ ነው። ድሃው ከገቢው ሲታይ ከሀብታሙ የበለጠ ይከፍላል። ስለዚህ የሚኒሶታውን እንዳለ ማምጣት ይከብዳል። በሕግ የታሰረ፣ ጠባቂ ያለው ገንዘብ ያስፈልጋል የሚለው ላይ ግን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። 1168 ቃል ገባ እንጂ የሚቀጥለውን ምክር ቤት አላሰረም። ድክመቱ እዚያ ላይ ነው።

የደን_ልጅ
ልጆቼ፣ እኔ ወንዶ ገነት የደን ትምህርት የተማርኩ ሰው ነኝ። እዚህ ከመጣሁ በኋላ በሌላ ሥራ ነው የኖርኩት፤ ግን ዓይኔ ከዛፍ ላይ አልተነሳም።

ስለ ማሳሳቱ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ዛፍ መቁረጥ ሲባል ጥፋት ይመስለዋል። ከካስኬድ ተራሮች በስተምሥራቅ ያለው ደረቅ ደን፣ ፓንደሮሳ የሚባለው ጥድ ያለበት፣ ድሮ በየጥቂት ዓመቱ ትንሽ እሳት ያልፍበት ነበር። የአገሬው ተወላጅ ሕዝቦች ራሳቸው ሆን ብለው ያነዱት ነበር። እሳቱ ቁጥቋጦውን ይበላል፣ ትልልቁ ጥድ ግን ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ አይነካውም። ከዚያ መንግሥት መጣና መቶ ዓመት ሙሉ ማንኛውንም እሳት አጠፋ። ትልልቁን ዛፍ ደግሞ ለጣውላ ወሰዱት። አሁን ያለው ቀጫጭን ዛፍ እርስ በርሱ ተጣብቆ የቆመበት፣ ውኃ የሚጠማው፣ ተባይ የሚያጠቃው ደን ነው። እሳት ሲነሳ ከመሬት ወደ ጫፍ ይወጣል። ጫፍ ላይ ከወጣ በኋላ ሰው አያቆመውም።

መድኃኒቱ ይታወቃል። ቀጫጭኑን ማሳሳት፣ ከዚያ በቀዝቃዛው ወራት በጥንቃቄ ማንደድ። ዲኤንአር በ2017 የ20 ዓመት ዕቅድ አወጣ፤ በ2037 1.25 ሚሊዮን ኤከር ለማከም። ሥራው በመሃል ቢቋረጥ ከቆመበት አይቀጥልም። የሳሳው ቦታ መልሶ ያድጋል። የሠለጠነው ሠራተኛ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ጣውላ የሚገዛው ትንሽ ፋብሪካ ይዘጋል። በሁለት ዓመት ያጣኸውን በሁለት ዓመት አታገኘውም። በዚያ ላይ በ2025 መጀመሪያ የፌዴራሉ የደን አገልግሎት በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹን አሰናብቶ ነበር። የስቴቱና የፌዴራሉ ደን ጎን ለጎን ነው ያለው። እሳት ድንበር አያውቅም።

አገር ቤትም አንድ ነገር አይተናል። በ2019 ስሜን ተራሮች ፓርክ ሲነድ ከላይ ውኃ የሚጥል ሄሊኮፕተር አልነበረንም። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ስካውቱ በቅጠልና በአፈር ነው የታገለው። በመጨረሻ ሄሊኮፕተር ከኬንያ መጣ፣ ባለሙያዎች ከእስራኤል መጡ። ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩበት ቦታ ነው የሚነደው፤ እኛ ደግሞ እርዳታ እስኪመጣ ቀን እንቆጥራለን። ያን ጊዜ እዚህ ሆኜ ዜናውን ስከታተል እንቅልፍ አልነበረኝም። እዚህ አገር ሁሉ ነገር አለ። ያለውን እየፈቱ መቀነስ ግን አይገባኝም።

የስፖካኗ
ጋሼ፣ ይሄን ማብራሪያ ለጎረቤቶቼ ተርጉሜ አነብላቸዋለሁ። ዛፍ አትቁረጡ እያሉ ከዲኤንአር ጋር የሚጣሉ አሉ።

ሞተር_ሲቲ
ሰላም ከሚሺጋን። እናንተ ስለ እሳት ታወራላችሁ፤ ውኃም እንዲሁ ነው። ፍሊንትን አስታውሱ።

በኤፕሪል 2014 ስቴቱ የሾመው አስተዳዳሪ ወጪ ለመቀነስ ብሎ የከተማዋን ውኃ ከዲትሮይት መስመር ወደ ፍሊንት ወንዝ አዛወረው። ቧንቧው እንዳይበላ የሚጨመረው ኬሚካል አልተጨመረም። ባለሙያዎች በቀን 100 ዶላር ገደማ ነበር የሚፈጀው ብለው ገምተዋል። የስቴቱ የአካባቢ ጥራት መሥሪያ ቤት ችግር የለም እያለ ሕዝቡን አረጋጋ። እርሳስ ልጆች ደም ውስጥ ገባ። በሊጅነርስ በሽታ፣ ከተበከለ ውኃ በሚመጣ የሳንባ ምች፣ ቢያንስ 12 ሰው ሞተ። ወደ ዲትሮይት ውኃ የተመለሱት በኦክቶበር 2015 ነው። አገረ ገዢው ያቋቋሙት አጣሪ ቡድን በ2016 ዋናውን ጥፋት በዚያ መሥሪያ ቤት ላይ ነው ያደረገው። በኋላ ካሳው ብቻ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ሕጉን የሚያውቅ፣ ቆም በሉ የሚል፣ ጊዜና ድጋፍ ያለው ባለሙያ በቦታው ከሌለ የሚሆነው ይሄ ነው። የልጅ አእምሮ ደግሞ በካሳ አይመለስም።

አወያይ
ክሩ ጥሩ እየሄደ ነው፣ አመሰግናለሁ። ስለ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የተጻፉ ሁለት አስተያየቶችን አንስቻለሁ። እዚህ ስለ ስቴት በጀት ብቻ።

ታዛቢ_77
እሺ፣ አሁን ምን እናድርግ? በእንግሊዝኛ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ለሁላችንም ቀላል አይደለም።

ዘሬንተን
መናገር ግዴታ አይደለም። የዋሽንግተን ምክር ቤት በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ በጀቱ ይወጣል ወይም ይከለሳል። የተቆረጠው የሚመለሰው ወይም የሚቀረው እዚያ ነው። የበጀት ኮሚቴዎቹ ሕዝብ ሲያዳምጡ ከቤትህ ሆነህ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ስምህን አስገብተህ እደግፋለሁ ወይም እቃወማለሁ ማለት ትችላለህ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መናገር የሚፈልግ በዙምም ይናገራል። ዜጋ ካልሆንኩስ የምትሉ አትፍሩ፤ ለዚህ ዜግነት አይጠይቁም። አድራሻችሁን አስገብታችሁ የወረዳችሁ ሴናተርና ሁለት ተወካዮች እነማን እንደሆኑም ታገኛላችሁ። አጭር ኢሜይል ጻፉላቸው። ረቂቅ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ እዚሁ ክር ላይ እለጥፋለሁ። የየራሳችሁን ነገር ጨምሩበት፤ የት እንደምትሠሩ፣ ጭሱ ምን እንዳደረጋችሁ።

ሥራ ላይ ስላለው ጭስም ልጨምር። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ እዚህ ስቴት ሕግ አለ። ጭሱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ውጭ ለሚሠራ ሠራተኛ አሠሪው ኤን95 ማስክ በነፃ ማቅረብ አለበት። ለመጠየቅ አትፈሩ።

የስፖካኗ
እኔ ለመናገር እመዘገባለሁ። እንግሊዝኛዬ ቢሰባበርም ይስሙኝ።

አዲስ_ገቢ
ይቅርታ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ልጄ አስም አላት። በሚመጣው በጋ ጭስ ሲመጣ ቤት ውስጥ ምን ላድርግላት? የአየር ማጣሪያ ማሽኑ በጣም ውድ ነው።

የስፖካኗ
እኛ የምናደርገውን ልንገርህ። 20 ኢንች የሆነውን አራት ማዕዘን ማራገቢያ ትገዛለህ። ሜርቭ 13 የሚል፣ ደቃቅ የጭስ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ በዚያው ልክ ታመጣና አየር ከሚስብበት ከጀርባው በቴፕ ዙሪያውን ጥብቅ አድርገህ ትለጥፈዋለህ። ማጣሪያው ጎን ላይ ያለው ቀስት ወደ ማራገቢያው ይመልከት። እሷ የምትተኛበትን ክፍል መስኮትና በር ዘግተህ ከመተኛቷ በፊት አስነሳው። ማጣሪያው ሲጠቁር ቀይረው። ጭስ ሳይመጣ አሁን ግዛ፤ በጭሱ ሳምንት ሱቅ ውስጥ አይገኝም። ማራገቢያው ከ2012 በፊት የተሠራ አሮጌ ከሆነ ግን አትጠቀምበት፤ ሊሞቅና ሊነድ ይችላል። የሐኪሟን የአስም ዕቅድም በጽሑፍ ተቀበል፤ ለትምህርት ቤቷም አንድ ኮፒ ስጥ።